ፖስታውን አታሳድሪው

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ኦክቶበር 14 ቀን 2025

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽ የኔ እናት? እናንተ ጋ ብርዱ ጀመረ ሲሉ ሰማሁ። ወፍራሙን ጃኬትሽን ቁም ሳጥን ውስጥ ትተሽው ሄደሻል። ወንድምሽ ደህና ነው። ክፍልሽን ወርሶታል፤ ስትመጪ እንደሚለቅ ነግሬዋለሁ። እኔም ደህና ነኝ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከተዘጉ ወዲህ ግን ገበያው ቀዝቅዟል። ኤርፖርት ሁለት ሦስት ሰዓት ተሰልፌ አንድ ሰው ይዤ የምወጣበት ቀን አለ። ይህንንም የምጽፍልሽ ሰልፉ ላይ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ቴክስት ብልክልሽ አውራ ጣት መልሰሽ ታልፊኛለሽ። ደብዳቤ ግን ታነቢያለሽ። እናትሽ ፊደል ያስቆጠረችሽ ለዚህ ነው።

ቅዳሜ የአክስትሽ ልጅ አንቺን አይታ ስትመለስ ቤት ጎራ ብላ ነበር። ከስታለች ወይ፣ ትበላለች ወይ፣ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች ወይ እያልኩ ጠየቅኳት። ሁሉን ደህና ደህናውን ነገረችኝ። ልትወጣ ስትል እየሳቀች፣ «የምርጫ ፖስታዋ ማይክሮዌቩ ላይ ነው፤ የኑድል ካርቶን ጭናበታለች» አለችኝ። እሷ ሳቀች። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ፖስታውን አታሳድሪው ልጄ። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህችን አትርሺብኝ።

በስልክ «አባዬ፣ በፖስታም ላክሁት በአካልም ሄድኩ ያው ነው» ብለሽኛል። ሕጉ ፊት አዎ፣ ያው ነው። በፖስታ መምረጥን አልንቅም። ሲያትል ያለው አጎትሽ ሌላ መንገድ አያውቅም። የነሱ ስቴት ለተመዘገበ መራጭ ሁሉ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ቤቱ ድረስ ይልካል። ጎረቤታቸው ኦሪገንም በ2000 የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ሙሉ በሙሉ በፖስታ አድርጋለች። አጎትሽ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ቡና እስኪፈላ ድረስ እያነበበ ይሞላል። ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ ሳጥኑ ውስጥ ይጨምራል። ለሱ ይሆነዋል። እሱ ወረቀት የሚያሳድር ሰው አይደለም። አንቺ በዚህ በኩል እኔን ነው የወጣሽው።

እኛ ጋ ከ2020 ወዲህ ማንም ሰው ምክንያት ሳይጠየቅ ቀድሞ መምረጥ ይችላል። ዘንድሮ ከሴፕቴምበር 19 ጀምሮ ክፍት ነው። የሚዘጋው ቅዳሜ ኖቬምበር 1፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። በነሱ አምስት ሰዓት ማለት ነው፤ እንዳትሳሳቺ። እኔ ባለፈው ሐሙስ ሄጄ መርጫለሁ። ከመኪና ወርጄ እስክመለስ ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። መንጃ ፈቃዴን አሳየሁ። ስሜንና አድራሻዬን ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ። ወረቀቱን ሰጡኝ፣ ክቧን አጠቆርኩ፣ ማሽኑ ወረቀቱን ሳብ አድርጎ ወሰደው።

ከፊቴ አንዲት ሴትዮ ነበሩ። አንድ ሰው መምረጥ በሚገባቸው ቦታ ሁለት አጥቁረው ኖሮ ማሽኑ አልቀበል አለ። እዚያ የቆመው ልጅ በትሕትና ምን እንደሆነ ነገራቸው። የተበላሸውን ወስደው ሌላ ወረቀት ሰጧቸው። እሳቸውም እንደገና ሞሉና «ቸር ዋሉ» በሚል ፊት ወጡ። ይህን ልብ በይልኝ። ሲሳሳቱ እዚያው ፊት ለፊት የነገራቸው ሰው ነበር። ፖስታ ግን አይናገርም። የጎደለውን ነገር ይዞ ዝም ብሎ ይሄዳል።

ይህን ከየት እንዳመጣሁት ልንገርሽ። ከንስሐ አባቴ በቀር ለማንም ነግሬ አላውቅም።

እናትሽ ዜግነት የወሰደችው በ2022፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። መቶውን ጥያቄ ያስጠናሻት አንቺ ነሽ። እሷ ወጥ እያማሰለች፣ አንቺ ሶፋው ላይ ተጋድመሽ ትጠይቂያት ነበር። «ፕሬዚዳንት ለመምረጥ ስንት ዓመት መሙላት አለበት?» ስትያት ማማሰያውን ከፍ አድርጋ «ኤይቲን!» ትላለች። «በየትኛው ወር ነው የሚመረጠው?» «ኖቬምበር!» ሌላው ቢጠፋባት እነዚህ ሁለቱ አንድም ቀን ጠፍተዋት አያውቁም።

ከዚያ ታመመች። ሴፕቴምበር ላይ እግሯ አልታዘዝ አለ። እኔ «አትድከሚ፣ በፖስታ ይሁንልሽ» አልኳት። ወረቀቱ መጣላት። አንቺ ትምህርት ቤት ነበርሽ፤ ሁለታችን ብቻ ነበርን ኩሽና ውስጥ። ወንዙን ተሻግረን ዲሲ ብንኖር የምርጫውን መመሪያ በአማርኛ ታገኘው ነበር። እኛ ጋ በእንግሊዝኛ ነበርና እኔ እያነበብኩ ተረጎምኩላት። «ቀስ በል እንጂ፣ ይሄኛው ምን የሠራ ሰው ነው?» እያለች ታስቆመኛለች። እስክሪብቶውን በሁለት እጇ ይዛ ነው ያጠቆረችው። ፖስታው ላይ በአማርኛ ፈረመች። ያቺ የመጀመሪያዋ ፊደል ላይ እንደ ቀለበት የምትዞረው ፊርማዋ ትዝ ትልሽ የለ? እሷን።

ያን ጊዜ ፖስታው ላይ የምስክር መስመር ነበረበት። በ2023 ሕጉ ተቀይሮ ቀርቷል። ያን ጊዜ ግን መራጩ ሲፈርም ያየ ሰው ከሥር መፈረም ነበረበት። እኔ ከጎኗ ነበርኩ። ክንዷ እንዳይንቀጠቀጥ የያዝኩት እኔ ነኝ። ምስክሩ እኔ ነበርኩ ልጄ። መስመሩን ባዶውን ትቼ አሸግኩት።

የምርጫ ቢሮ ሰዎች ደውለዋል። የማላውቀው ቁጥር ሆኖብኝ አላነሣሁም። ደብዳቤም ልከዋል። ያን ሰሞን በየቀኑ ቢል ይመጣ ነበር፤ ፖስታ መክፈት ፈርቼ ነበር። እሱንም ቢል መስሎኝ ማይክሮዌቩ ላይ ከሌሎቹ ጋር ከመርኩት። አንድ ቀን ያደረ ፖስታ ሳምንት ያድራል፣ ሳምንት ያደረ ወር ያድራል። ዲሴምበር ላይ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ስከፍት አገኘሁት። የምስክር ፊርማ ጎድሏል፣ እስከዚህ ቀን ድረስ መጥተው ያሟሉ ይላል። ቀኑ ካለፈ ሰንብቷል።

አልነገርኳትም። ለገና ትራሷን ሳስተካክልላት «ያቺ ወረቀቴ ደረሰች ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ደርሳለች፣ ተቆጥራለች» አልኳት። «ተመስገን» አለች። በሁዳዴ አረፈች። ነፍሷን በገነት ያኑርልን። በዚህ አገር አንድ ጊዜ መረጠች፤ እሷም አልተቆጠረችላት።

እናትሽ እኮ ግንቦት 7 ቀን 1997 አዲስ አበባ ገና ሳይነጋ ተሰልፋ የዋለች ሴት ናት። አዲስ ተጋቢዎች ነበርን። ሰልፉ የቀበሌውን አጥር ዞሮ አስፋልቱ ድረስ ወርዶ ነበር። ስምንት ሰዓት ሲሆን «ቤት ሄደን እህል ቀምሰን እንመለስ» ብላት «ቦታዬን ለቅቄ?» ብላ አፈጠጠችብኝ። ከኋላችን የነበሩ እናት ከነጠላቸው ጫፍ ቆሎ ፈትተው ሰጡን። የመረጥነው ከመሸ ነው። ከዚያ የመጣውን ሰኔና የቀጣዩን ጥቅምት ቤታችን ውስጥ አናነሣውም፤ ታውቂዋለሽ። ያን ሁሉ አይታ እንኳ መምረጥ አልሰለቻትም።

ከሞተች በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ሰማሁ። እዚህ ቨርጂኒያ አካሉ የማይችል ሰው ወይም 65 ዓመት የሞላው ከመኪናው ሳይወርድ መምረጥ ይችላል። ወረቀቱን መኪናው ድረስ ያመጡለታል። ያነበበውን የሚያስረዳው ሰው ከፈለገም ራሱ የመረጠውን ሰው ይዞ መምጣት ይችላል። እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ ልጄ። ስንቱን ሰው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በሩ ድረስ አድርሻለሁ። እናትሽን አሥር ደቂቃ ነድቼ አልወሰድኳትም። በትራስ ደግፌ ከፊት ወንበር አስቀምጫት፣ ጋቢዋን አልብሻት፣ በመስኮቱ ወረቀቱን ብትቀበል ኖሮ የጎደለውን የሚነግረን ሰው እዚያው ነበር። አለመጠየቄ ነው። አንድ ስልክ ደውዬ አለመጠየቄ።

ዳዊቷ ውስጥ ያለችውን ክብ የምርጫ ስቲከር ታውቂያታለሽ። የሷ ይመስልሻል። የኔ ናት። እኔ በዚያው በ2022ቱ ምርጫ በአካል ሄጄ ነበር የመረጥኩት። ስቲከሯን ይዤላት መጣሁ። ጋቢዋ ላይ ለጥፋ ዋለች፤ ማታ ነቅላ ዳዊቷ ውስጥ አኖረቻት።

ከዚህ በላይ ልጽፍልሽ አልፈልግም። ወደ ቁም ነገሩ።

አንደኛ፣ እኔ የምፈልገው እንድትመጪ ነው። ዓርብ ኦክቶበር 24 ከሰዓት ክፍል እንደሌለሽ ነግረሽኛል። በቨርጂኒያ ብሪዝ አውቶቡስ ነይ። ትኬቱን እኔ እቆርጥልሻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት አብረን ሄደን ትመርጫለሽ። እንዳትረሺ፣ የመጣልሽን ወረቀት ከነፖስታው ይዘሽ ነይ። እሱን ስትመልሺላቸው ነው ማሽኑ ላይ የምትመርጪው። ባዶ እጅሽን ከመጣሽ ፕሮቪዥናል የሚሉትን ነው የሚሰጡሽ፤ እሱ ደግሞ እስኪጣራ ድረስ ሳይቆጠር ይቆያል።

«ፈተና አለብኝ» ካልሽ እሺ፣ ፈተናሽን አልነካም። ግን ያኔ ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ሳትነሺ ሙዪው። ነገ አትበዪ። መመሪያውን ከላይ እስከ ታች አንብቢ። ወረቀቱን በውስጠኛው ፖስታ አሽጊ፣ ላዩ ላይ ፈርሚ። የሶሻል ሴኩሪቲሽን መጨረሻ አራት ቁጥርና የተወለድሽበትን ዓመት ጻፊ። የተወለድሽበትን ነው ያልኩት፤ ሰው ቸኩሎ የዘንድሮውን ይጽፋል። ካሸግሽ በኋላ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝና አብረን እንየው፤ ቁጥርሽን ግን በጣትሽ ሸፍኚ። አንቺ ያለሽበት ብላክስበርግ ከተማ የምርጫ ሳጥን ብታዪ እዚያ እንዳትጨምሪው፤ እሱ የነሱ አካባቢ ነው። የተመዘገብሽው እኛ ጋ ነውና ያንቺ ወረቀት መድረስ ያለበት እኛ ጋ ነው። ፖስታ ቤት ይዘሽው ሂጂ።

ሕጉ እስከ ኖቬምበር 4 ማኅተም ከተመታበትና እስከ ዓርብ ኖቬምበር 7 ቀትር ከደረሰ ይቆጠራል ይላል። በዚያ አትመኪ። ፖስታ ቤቱ ራሱ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ላኩ ነው የሚለው። ከላክሽ በኋላም ዝም አትበይ፤ መድረሱን ኦንላይን ተከታተዪ። በ703 ወይም በ571 የሚጀምር ቁጥር ከደወለልሽ አንሺ። የማታውቂው ቢሆንም አንሺ። ስህተት ካለ እስከዚያው ዓርብ ቀትር ድረስ ማስተካከል ይቻላል።

ማንን እንደምትመርጪ አልጠየቅኩሽም፣ አልጠይቅሽምም። ዘንድሮ ሁለቱም ፓርቲዎች ለገዥነት ያቀረቡት ሴት ነው። ማናቸውም ቢያሸንፉ ቨርጂኒያ የመጀመሪያዋን ሴት ገዥ ታገኛለች። እናትሽ ብትኖር ይህን ዓመት እንዴት ባወራችልሽ። አንቺም በመስቀል ሰሞን «ኤይቲን» ሞላሽ። ኬኩን ስትቆርጪ በቪዲዮ እያየሁሽ ፊቴን ወደ መስኮት ያዞርኩት ለዚያ ነው። «አባዬ ኔትወርኩ ተቋረጠ?» አልሽኝ። አልተቋረጠም ነበር።

በልጅነትሽ እንደምቆጣሽ ተቆጣሁሽ መሰለኝ። አትቀየሚኝ። 18 ሞልቷታል ብዬ ግን ዝም አልልም። ፖስታውን አታሳድሪው። የኑድሉን ካርቶን አሁን አንሺለት።

አክስትሽ በርበሬ አስፈጭታልሻለች። ሽሮም አለ። ዓርብ ከመጣሽ ወንድምሽ ክፍሉን ያጸዳል፣ እኔም ቅዳሜ ሥራ አልወጣም። ዳዊቱን አወጣልሻለሁ፤ ከፈለግሽ ስቲከርሽን ከሷ ጎን አኑሪው። አውቶቡሱ ለመግባት ሲቃረብ ደውዪልኝ፤ መኪናውን አሙቄ እጠብቅሻለሁ። ወረቀቱን ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺው፣ ሻንጣው ከሥር ነው የሚጫነው። በእጅሽ ያዢው።

አባትሽ