አባባ፣ እግርህ እንዴት ሆነ?

አባባ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። ደብዳቤውን እትዬ ታነብልሃለች፤ መነጽር ፍለጋ ቤቱን አታተራምስ።

የእግርህን ሰምቻለሁ። ቁስሉን ሦስት ሳምንት ደብቀህ መቆየትህንም ሰምቻለሁ። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሲቆስል ላይሰማው ይችላል፤ ስለዚህ "አላመመኝም" የሚለው መልስህ አይሠራም። ማታ ማታ በመብራት እያት። በጣቶችህ መሀል ሳይቀር። በባዶ እግርህ ግቢ አትውጣ፤ የጅማን ጭቃ ካንተ በላይ የሚያውቀው የለም። ቡናህ ላይ ስኳር እንደማትተው አውቃለሁ፤ ቢያንስ ሦስቱን ማንኪያ አንድ አድርገው። ወይ እንደ አያቴ በጨው ጠጣው።

ማሚት አራት ዓመት ሞላት። ጆሃንስበርግ፣ ጄፒ ሰፈር ሱቃችን በር ላይ ቆማ አላፊ አግዳሚውን በዙሉ ሰላም ትላለች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ ታማቸዋለች። ፎቶህን ሳሳያት "ይሄ ሰውዬ ለምን ተቆጣ?" አለች። አልተቆጣም፣ ፎቶ ሲያነሱት እንዲህ ነው አልኳት። ስለ እሷ እስከ ነገ ብጽፍ ደስ ይለኛል። ግን እትዬ "ስለ ራስህም ጻፍለት" ብላኛለች።

እሺ፣ ስለ ሥራዬ። አንተ "የአውራ ዶሮ ጠብ" ስለምትለው። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ስሙን ጠርተኸው አታውቅም። ኤምኤምኤ ይባላል። ቡጢውም፣ እርግጫውም፣ ትግሉም፣ ማነቁም አንድ ላይ ነው። አንዱ ዙር አምስት ደቂቃ፣ ሦስት ዙር፤ ለቀበቶ ከሆነ አምስት። ጓንቱ ስስ ነው፣ ጣት ይወጣበታል። ታንቀህ መውጫ ካጣህ በእጅህ መታ መታ ታደርጋለህ፣ ጨዋታው ያበቃል። ዳኛ አለ፣ ሐኪም አለ። አውራ ዶሮ ይሄ ሁሉ የለውም።

ክፍያው ለመግባት ግማሽ፣ ለማሸነፍ ግማሽ ነው። ከተሸነፍክ ግማሹን ይዘህ ትሄዳለህ፤ ከእሷም ላይ አሰልጣኙ ድርሻውን ያነሳል። የጣራውን ቆርቆሮ ብር ስልክልህ ከግጥሚያ ያገኘሁት ነው ብዬህ ነበር። ከሱሪ ሽያጭ ነው።

አንዱን ነገር ግን አንተ ትረዳዋለህ ብዬ ሁሌ አስባለሁ። ሚዛኑን። የምጋጠመው በ61.2 ኪሎ ነው። አንድ የኤክስፖርት ቡና ከነጆንያው በለው። በደህናው ቀን 70 ነኝ። በመጨረሻው ሳምንት ጨው አቆማለሁ፣ ቀጥሎ ውሃ፣ ከዚያ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተኝቼ ላቤን አወጣለሁ። ምራቄን ሳይቀር እተፋለሁ። የምንመዘነው ከግጥሚያው አንድ ቀን ቀድሞ ስለሆነ፣ ከሚዛን ስወርድ መልሼ እጠጣለሁ። ገበሬው ጀንፈል ቡናውን ውሃ አስነክቶ ሲያመጣብህ እፍኝ ዘግነህ፣ በጥርስህ ሞክረህ፣ "ውሃ ነው የምትሸጥልኝ?" ትለው አልነበር? እኔ የእሱ ግልባጭ ነኝ። ደርቄ እመዘናለሁ፣ ረጥቤ እገባለሁ።

ሚዛን ካነሳሁ አይቀር። 15 ዓመቴ ነበር። ከቴኳንዶ ውድድር የብር ሜዳሊያ ይዤ መጣሁ፣ ቅንድቤ ተሰንጥቆ። ከፈረንጅ አራዳ እስከ ሄርማታ ሮጬ ነው የደረስኩት። አንተ መጋዘኑ በር ላይ ነበርክ። ለቃሚዎቹ አሉ፣ ተሸካሚዎቹ አሉ፣ ያ የቦንጋ ነጋዴም አለ። ሜዳሊያዋን ከአንገቴ አውልቀህ የጆንያው ሚዛን ላይ ጣልካት። ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። "ይኸው፣ ምንም አትመዝንም" አልክ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የእኔ ሳቅ ነው።

እትዬ ስትጠይቅህ "የቱ ሜዳሊያ?" አልካት አሉ። እኔ ዘጠኝ ጊዜ አሸንፌያለሁ፤ ዘጠኙንም ጊዜ ዳኛው እጄን ሲያነሳው ያ የቦንጋ ነጋዴ ሲስቅ ይታየኛል።

ዳጌስታናዊውን የኤምኤምኤ ተጋጣሚ ካቢብን ሳታውቀው አትቀርም፤ የጎረቤት ልጆች ስሙን ሲጠሩ ትሰማለህ። ያሠለጠነው የገዛ አባቱ ነበር። በፈረንጆቹ 2020 አባቱ ሞተ። ከጥቂት ወራት በኋላ አቡዳቢ ላይ አሸነፈና ጓንቱን አውልቆ መሀል ሜዳ አስቀመጠ። ያለ አባቴ አልጋጠምም፣ ለእናቴ ቃል ገብቻለሁ አለ። 29 ግጥሚያ፣ አንድም ሳይሸነፍ ተወው። ያን ሌሊት አለቀስኩ። ለእሱ አዝኜ እንዳይመስልህ። ቀንቼ ነው።

መጋቢት ላይ መሸነፌን ታውቃለህ። እንዴት እንደሆነ ግን አልነገርኩህም። ሁለተኛው ዙር ላይ የተጋጣሚዬ ጉልበት አገጬን አገኘኝ። ስነቃ ሐኪሙ "የት ነህ?" ብሎ ጠየቀኝ። "ሄርማታ፣ አባባ መጋዘን" አልኩት አሉ፣ በአማርኛ። ጓደኛዬ ነው ኋላ የነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ራሴን ያመኛል። ሱቅ ውስጥ ዋጋ ይምታታብኛል። ብዙ አይደለም፣ አልፎ አልፎ ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ 60 ቀን ማንም እንዳይነካህ አለ። አሁን ደግሞ በቃህ ይላል። ለባለቤቴ የነገርኳት ግማሹን ነው። ሙሉውን የሰማኸው አንተ ነህ፤ እትዬም፣ እያነበብሽ ስለሆነ አንቺም። አታልቅሺ፣ ቀጥዪ።

አውቶቡስ ተራ ስትሸኘኝ "ጭንቅላትህን አስደብድበህ ጅል ሆነህ ትመለሳለህ" ብለኸኝ ነበር። እሱን እንዳትደግመው። ስመጣ "ብዬህ ነበር" የምትለኝ ከሆነ በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ነኝ።

የምመጣው ኅዳር ላይ ነው፣ ቡና ሲለቀም። ማሚት እሸቱን ከነቀይነቱ ትየው። አንተ በርጩማህ ላይ ቁጭ ብለህ ታዛለህ፣ እኔ ማድረቂያው ላይ አገላብጣለሁ። መጋዘኑን ልትሸጥ ነው የሚባለው እውነት ከሆነ እስክመጣ ቆይ። ሚዛኑን ግን ከፈለግህ ሽጠው።

እስከዚያ ጫማ ልልክልህ ነው። ለስኳር እግር የሚሆን፣ ሰፊ፣ ከውስጥ ስፌት የሌለው። እዚህ አይቼዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጫማህን የምወለውለው እኔ ነበርኩ፣ ቁጥሩ ሶሉ ላይ ነበር። 41 ነው ወይስ 42? ለእትዬ ንገራት። ጠፍቶብኝ ነው።

ልጅህ