አቤቱታውን ተቀብላችሁ ማህተም አድርጉበት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሠራተኛ መብት የሚወጡ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ የሚያበቁት «መብቱ የተነካበት ለሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ያመልክት» ብለው ነው። ምክሩ ትክክል ነው። ሠራተኛው ገንዘቡን የሚያጣው ግን ካመለከተ በኋላ ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ በ6 ወር፣ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ደግሞ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም የመጠየቂያ ጊዜው ስላለፈ መብቱ ይቀራል። በወር 6,240 ብር የሚከፈለውን ሠራተኛ እንውሰድ። ደመወዙ ለ26 ቀን፣ ቀኑም ለ8 ሰዓት ሲካፈል የአንድ ሰዓቱ 30 ብር ይሆናል። በሳምንት 6 ቀን በየዕለቱ 2 ሰዓት ትርፍ ቢሠራ (በሳምንት ከዚህ በላይ አይፈቀድም) ትርፉ በቀን ጊዜ ከሆነ የሰዓቱ ክፍያ በአንድ ተኩል ተባዝቶ ለሰዓት 45 ብር፣ በወር 2,340 ብር ይደርሰዋል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ከሆነ ሰዓቱ 52.50፣ በሕዝብ በዓል 75 ብር ነው። «አሠሪውን እንጠራዋለን፣ ሳምንት ተመለስ» እየተባለ 6 ወር ያለፈው እያንዳንዱ ወር 2,340 ብር ይዞበት ይሄዳል።

አዋጁን ለሚያስፈጽመው አካል፣ ማለትም ለጽሕፈት ቤቱ፣ የቀረበ አቤቱታ ውሳኔው በጽሑፍ እስኪሰጥ ድረስ ይርጋውን ያቋርጣል። ነገር የሚበላሸው ማስረጃው ላይ ነው። ሠራተኛው በቃል ያስረዳል፣ ለአሠሪው ስልክ ይደወላል፣ ይሸኛል። ፍርድ ቤት ሲቆም ግን ማመልከቱን የሚያሳይበት ወረቀት የለውም፤ አሠሪውም ይርጋን መቃወሚያ አድርጎ ያነሣል።

አቤቱታው በሁለት ቅጂ ይጻፍ። ሥራ የተጀመረበት ቀን፣ ደመወዙ፣ የየወሩ ትርፍ ሰዓትና የሚጠየቀው ብር ይግባበት። በሠራተኛው ቅጂ ላይ መዝገብ ቤቱ ቀንና ቁጥር ጽፎ ማህተም ያድርግበት። የመግቢያና መውጫ ሰዓት የሚይዘው የጣት አሻራ መዝገብ በአሠሪው እጅ ስለሆነ የፈረቃ ፕሮግራሙን በየወሩ በስልክ ፎቶ ማንሣት ይጠቅማል።

ጽሕፈት ቤቶቹን አጥብቀን የምንጠይቀው በቃል የመጣውንም አቤቱታ ባለሙያው ራሱ ጽፎ በዕለቱ እንዲያስመዘግብ ነው፤ መጻፍ የማይችለው የቀን ሠራተኛ ሌላ መንገድ የለውም። ይህ ተጨማሪ በጀት አይፈልግም። ጉዳዩ በስምምነት ካላለቀም ውጤቱ በጽሑፍ ይሰጠው። የጽሕፈት ቤቱ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ሕጉ እንዲከበር ያዛል እንጂ ያልተከፈለውን ውዝፍ የሚፈርደው ፍርድ ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ ሠራተኛው የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፣ አዋጁም በ60 ቀን ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ ያዛል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ