ዶላሩን በብር አትምታው

ከዲትሮይት፣ ሚሺጋን
ይድረስ ለውድ እናቴና ለታናሽ ወንድሜ፣ ሐይቅ

እማ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ብርዱ እንዴት አደረገው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ቡና ባፈላሽ ቁጥር ዱዓ እንደምታደርጊልኝ አውቃለሁ። ይህን ደብዳቤ የሚያነብልሽ ወንድሜ ነው። የጻፍኩትም ይበልጡን ለእሱ ነው። ድምፁ ዝቅ ካለ እየዘለለ ነውና አስደግሚው።

ወንድሜ፣ የላክልኝን የድምፅ መልእክት ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ኮሌጁን አቋርጠህ በጅቡቲ፣ በየመን አድርገህ ሳዑዲ ልትገባ ነው። ለደላላው የሚከፈለውን እኔ እንድልክልህ ጠየቅከኝ፤ ካልሆነም ጊደሯ ትሸጥ አልክ። «አንተ በሰዓት 30 ዶላር እያገኘህ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ምን ልሁን?» አልከኝ። አልተቆጣሁህም። ጥፋቱ የኔ ነው። ፎቶ እንጂ ሥራዬን አሳይቻችሁ አላውቅም።

በዲቪ የመጣሁት እንደ ፈረንጆቹ በ2019 ነው። መጀመሪያ የገባሁት የመኪና ወንበር የሚሠራ ፋብሪካ ነበር። የቀጠረኝ ግን ፋብሪካው ሳይሆን ኤጀንሲ ነው። 2021 ላይ በዓለም ዙሪያ የመኪና ቺፕ እጥረት መጣ። ቺፕ ማለት ጥፍር የምታህል የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ናት። እሷ ስትጠፋ ትላልቆቹ መገጣጠሚያዎች ቆሙ፤ መኪና ካልተገጣጠመ ደግሞ ወንበር የሚፈልግ የለም። አንድ ማታ ስልኬ ላይ «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጡ» የሚል መልእክት ገባ። ለሁለት ዓመት ሥራ መሰናበቻዬ እሷ ነበረች። ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ የተያዙበት፣ ስልክ የተቋረጠበት ሰሞን ነው። በሕይወት መኖራችሁን አላውቅም። መስመሩ ቢከፈትም የምልክላችሁ ሳንቲም አልነበረኝም። ይህን ለእማ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም ነበር።

በዓመቱ አንድ ትልቅ መገጣጠሚያ ገባሁ፣ በጊዜያዊነት። ደመወዙ በሰዓት 16 ዶላር ከምናምን ነው። ከጎኔ የሚሠራው ሽማግሌ ያንኑ ቡለን እያጠበቀ ከ30 ዶላር በላይ ያገኛል። ነገሩ የቆየ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2007 የመኪና ሠራተኞች ማኅበሩና ትላልቆቹ የመኪና ኩባንያዎች አዲስ ገቢ ባነሰ ደመወዝ እንዲቀጠር ተስማምተው ነበር። በ2009 ጂኤምና ክራይስለር ሲከስሩ፣ ኑሮ ሲወደድ ደመወዝ አብሮ እንዲጨምር የሚያደርገው አንቀጽም ቆመ። ኩባንያዎቹ ዳኑ፣ ትርፉም ተመለሰ። ከሠራተኛው የተቆረጠው ግን ሳይመለስ ዓመታት አለፉ። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሥራውን ልንገርህ። መስመሩ አይቆምም፣ መኪናው ወዳንተ ይመጣል። ያለህ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። በዚያች ደቂቃ ከኋላ እግሩ ላይ አራት ቡለን አጠብቃለሁ። መሣሪያው ልኩ ላይ ሲደርስ አረንጓዴ ያበራል። ቀይ ካበራ ከራሴ በላይ ያለውን ገመድ ስቤ ሰው እጠራለሁ። ከዚያ የሚቀጥለው መኪና፣ ከዚያ የሚቀጥለው፣ ፈረቃው እስኪያልቅ። በመጀመሪያው ወር ጠዋት ስነሳ ጣቶቼ አይታጠፉም ነበር፤ የበሩን ቁልፍ በሁለት መዳፌ ይዤ ነበር የማዞረው። አንተ ደሴ ጋራዥ ውስጥ አይሱዙን ከኮፈኑ እስከ ማርሚታው ፈትተህ ትገጥማለህ። እኔ የማውቀው አራት ቡለን ነው።

ታዲያ 30ው ዶላር እንዴት መጣ? በእኛ አቆጣጠር መስከረም 4 ቀን 2016፣ እናንተ አዲስ ዓመት ባከበራችሁ በሦስተኛው ቀን፣ የመኪና ሠራተኞች ማኅበሩ በፎርድ፣ በጂኤምና በስቴላንቲስ (በቀድሞው ክራይስለር) ላይ በአንድ ጊዜ የሥራ ማቆም አድማ መታ። ሦስቱን አንድ ላይ ሲመታ በታሪኩ የመጀመሪያው ነው። ሁሉም ፋብሪካ ባንዴ አልወጣም፤ ከሦስት ፋብሪካዎች ተጀምሮ እየተጨመረ ሄደ። የኛም ተራ ደረሰ። በርሜል ውስጥ እንጨት አንድደን፣ ሌሊቱን በር ላይ ቆመን አደርን። ከማኅበሩ በሳምንት 500 ዶላር ይሰጠን ነበር፤ የወር ወጪዬን አልሸፈነም። ያኔ ነው ለእማ «በዚህ ወር ትንሽ ዘግይቼ ልላክ» ያልኩት።

ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ስምምነት ላይ ተደረሰ። እንደ ፈረንጆቹ እስከ 2028 ሚያዝያ ደመወዝ 25 በመቶ ይጨምራል። የኑሮ ውድነቱ አንቀጽ ተመለሰ። የመጨረሻው እርከን ላይ ለመድረስ 8 ዓመት ይፈጅ የነበረው 3 ዓመት ሆነ። እኔም ቋሚ የሆንኩት በዚያ ነው። ስለዚህ ዶላሩን በብር አትምታው። በዶላር የሚገኘው በዶላር ነው የሚወጣው፤ ግብሩ አለ፣ ኪራዩ አለ፣ በረዶው ላይ የምነዳት መኪና ኢንሹራንስ አለ። የሚተርፈውን እናንተ ታውቁታላችሁ።

ቋሚ ሆንኩ ማለት ግን ተኛሁ ማለት አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና ማርሚታ የለውም፣ የነዳጅ ታንከር የለውም፣ ዘይት የሚቀየርለት ሞተር የለውም። እነዚያን ክፍሎች እየሠራ ልጅ የሚያሳድግ ሰው እዚህ ከተማ ብዙ ነው። ምሳ ላይ ከዚህ ሌላ ወሬ የለም።

ባለፈው ወር የብየዳ ሮቦት ቆመ፣ መስመሩም አብሮ ቆመ። አለቆቹ መጡ፣ እኛም እጃችንን አጣጥፈን ቆምን። አንዲት ሃምሳ ዓመት ያለፋት ኤሌክትሪሺያን ቴስተርና ላፕቶፕ ይዛ መጣች። ሳጥኑን ከፈተች። የትኛው መብራት እንደጠፋ አየች፣ ንድፉን ገለጠች፣ ከዚያ ገመዱን በጣቷ እየዳበሰች እስከ ሮቦቱ ክርን ተከተለችው። እዚያ ጋ ሲታጠፍ ሲዘረጋ ውስጡ ተቆርጧል፤ ከላይ ምንም አይታይም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መስመሩ ተንቀሳቀሰ። እሷ አጠገብ አንድም አለቃ ድምፁን ከፍ አላደረገም። በወጣትነቷ አራት ዓመት እየሠራች፣ እየተከፈላት የተማረችው ሙያ ነው። የነሱ ደመወዝ ከኛ በላይ ነው። እኔም ለዚያ ሥልጠና ፈተና ተመዝግቤ፣ ከፈረቃ መልስ አልጀብራ እያጠናሁ ነው። አንተ ኮምቦልቻ ፖሊ ቴክኒክ ቁጭ ብለህ የምትማረውን እኔ እዚህ እንቅልፌን ትቼ እየለቀምኩ ነው።

የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከታገደ ወዲህ ደሴ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና እያየሁ ነው ብለኸኝ ነበር። ማን ነው የሚጠግነው? መኪናው ጋራዥ ሲመጣ አለቃህ ይመልሰዋል ወይስ ይነካካዋል? የኤሌክትሪክ መኪናውን ብርቱካናማ ገመድ ሳያውቅ የነካካ ሰው ሊሞት ይችላል፤ ውስጡ የብዙ መቶ ቮልት ኃይል አለ። ያንን የሚያውቅ ልጅ ወሎ ውስጥ ስንት አለ? አንዱ አንተ ሁን። ለደላላው አንድ ብር አልልክም። ለኮሌጁ፣ ለሲኦሲ የሙያ ብቃት ፈተናህና ለመፍቻህ ግን እስከምትጨርስ እልካለሁ።

ፋብሪካ ልትቀጠር ከሆነም ውሉን በጽሑፍ ተቀበል። በአዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ኢንዱስትሪ ፓርክ ለገቡት ጓደኞችህም ንገራቸው። ለግል ድርጅት ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በሌለበት አገር ያለችውን መብት ማወቅ ግድ ነው።

እማ፣ ጊደሯ እንዳትሸጥ።

በሚቀጥለው ወር የሚመጣ የሰፈር ልጅ አለ። ቴስተርና የኤሌክትሪክ ጓንት በእጁ ልኬልሃለሁ። ጓንቱን ከማጥለቅህ በፊት አፉን ጠቅልለህ አየር ያዝበት፣ ከዚያ ጆሮህ ላይ አድርገህ አዳምጠው። ሽው ካለ ቀዳዳ አለውና እንዳታጠልቀው።

ወንድምህ