የድሃ ልጅ ቋንቋ ጎዶሎ አይደለም

ለአዘጋጁ፣

የድሃ ልጆች በትምህርት ወደኋላ የሚቀሩት «ቋንቋቸው ደካማ ስለሆነ ነው» የሚለውን ጽሁፋችሁን አንብቤ በጭራሽ አልተስማማሁም።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካዊው የቋንቋ ተመራማሪ ዊሊያም ላቦቭ ኒውዮርክ ሃርለም ውስጥ ያሳየውን ተመልከቱ፣ የ8 ዓመት ልጅ ነው፣ ትልቅ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲጠይቀው ከአንድ ሁለት ቃል በላይ አይወጣውም፣ ያው ጠያቂ ግን ቺፕስ ይዞ የልጁን ጓደኛ ጨምሮ መሬት ላይ ቁጭ ሲል ልጁ እየተሻማ ነው ያወራው። ስለዚህ የጎደለው ቋንቋ ሳይሆን ምቾት ነበር ማለት ነው። ክፍል ውስጥ ዝም ያለውን ሁሉ «ሰነፍ» የምንለው ግን እስከዛሬ አልቀረም፣ ያሳዝናል።

መደበኛው ቋንቋ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፣ ፈተናውም ስራውም የሚጠይቀው እሱን ነው። መምህራን ግን ልጁ መጀመሪያ በለመደው አነጋገር ሃሳቡን እንዲጨርስ ይተዉት፣ ከዛ ያንኑ ሃሳብ በመደበኛው ቋንቋ አብረውት ይጻፉ።

አንድ አንባቢ