«2 ብርጭቆ ጎደለ፤ ተከፍሏል»፦ የበጎ አድራጎት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የክበባት ዘገባ ጻፍ ስባል የዓምናውን አውጥቼ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ብቀይር ደስ ይለኛል። «ክበቡ በዓመቱ ውስጥ በርካታ ተግባራትን አከናውኗል» ማለት ማንን ገደለ? ችግኝ ተክለናል፣ ልብስ ሰብስበናል፣ ግቢ አጽድተናል። ዘንድሮም ይህን ሁሉ አድርገናል። ከችግኞቹ ግማሽ ያህሉ ደርቀዋል። ውኃ የማጠጣት ተራ የማን እንደነበር አልናገርም፣ ራሱን ያውቃል። እሱን እዚህ ላይ ልለፈውና ዓመቱን ሙሉ ስለያዘን ሌላ ጉዳይ ልጻፍ።

ነገሩ የተጀመረው ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ለአባላቱ «ዘንድሮ የአንድ ሰው ሕይወት እናጥና፤ ለሰው የደከመ ሰው ይሁን» አልኳቸው። አንዷ ወዲያው የክብር ዶክተር አበበች ጎበናን አነሣች። ጥሩ ምርጫ ነው። ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄደው፣ በረሃብ ከተጎዳው ሕዝብ መሀል ሁለት ሕፃናት ይዘው የተመለሱ ሴት ናቸው። ከዚያ በኋላ ትዳራቸውም ሲፈርስ ልጆቹን አልተዉም። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ስንቱ «እናቴ» ብሎ እንዳለቀሰ አስታውሳለሁ። ልንወስን ስንል ከኋላ የተቀመጠ የ10ኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ እማማስ?» አለ።

ክፍሉ ዝም አለ። እማማ ካረፉ ገና ሁለት ሳምንታቸው ነበር።

ስማቸውን አልጽፍም። ልጃቸው ለምናናለች። «እናቴ ስሟ ሲጠራ መሬት ብትውጣት ትመርጥ ነበር» አለችን። ለቤተ ክርስቲያን ሲያዋጡ እንኳ የሚያስጽፉት የክርስትና ስማቸውን ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ከንስሐ አባታቸው በቀር የሚያውቅ የለም። እኛም እንደ ሰፈሩ «እማማ» እንበላቸው።

እማማ የዶሮ ማነቂያ ሰው ናቸው። እንጀራ ጋግረው እየሸጡ ልጆች አሳድገዋል። ከትምህርት ቤታችን ጋር የሚያገናኛቸው አጥር ብቻ አልነበረም። እኔ እዚህ በተመደብኩበት ዓመት፣ የተማሪዎች ምገባ ገና ሳይጀመር፣ አንድ ልጅ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀብኝ። ውኃ አምጡ፣ ክብሪት አጭሱ ሲባል ጥበቃው መጣና አንድ ጊዜ አይቶት «እማማን ጥሩ» አለ። ሐኪም መስለውኝ ነበር። አንዲት አጠር ያሉ ሴት በሳህን የተከደነ ሳህን ይዘው ገቡ። ውስጡ ሽሮና እንጀራ ነው። ምንም አልጠየቁም። እያጎረሱ ያወሩት ስለ ዝናብ ነው። ልጁ ሲጨርስ ሳህናቸውን ይዘው ወጡ። በማግስቱም ያንኑ ሳህን ይዘው መጡ። እስከ ሰኔ ድረስ።

በእድራቸው ደግሞ የእቃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ከተማችን ውስጥ እድር በሰፊው የተስፋፋው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው ይባላል። እኛ ዛሬ የምናውቀው ግን በድንኳኑ፣ በአግዳሚ ወንበሩና በሰታቴው ነው። ዳኛው ይከበራል፤ ገንዘብ ያዡ ይፈራል፤ ጸሐፊው ስም ይጠራል። እቃ ቤት ያለውን ሰው ግን ብርጭቆ ሲጠፋ ካልሆነ ማን ያስታውሰዋል?

በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲነሣ እማማ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። እድርተኛው ተበተነ። የእድሩ እቃ አንድ አባል ጋራዥ ውስጥ ገባ። እማማ ግን በየወሩ በ23 በአውቶቡስ እየመጡ ጊዮርጊስን ይሳለማሉ፤ ከዚያ ጋራዡን አስከፍተው እቃ ይቆጥራሉ። የሞታቸው ወሬ የደረሰን በቴሌግራም ነው። በጥሩምባ ለፋፊ ያደገ ሰፈር የራሱን እቃ ቤት ኃላፊ ሞት በስልክ ሰማ። ብዙዎቹ ያዩት ከቀብር በኋላ ነው። ዳኛው እስካሁን ይህ ነገር ያንገበግባቸዋል።

ልጆቹ ወደ ሥራ ሲገቡ የፈለጉት ትልቅ ታሪክ ነበር። በጥያቄ ዝርዝራቸው ላይ «እማማ ያጋጠማቸው ከፍተኛ ፈተና ምን ነበር?» የሚል አለ። ልጃቸው ብዙ አሰበችና «የምጣዱ ጭስ» አለች። ጸሐፊያችን እንዲህ ብሎ መጻፍ አፈረ። እኔ ነኝ ያስጻፍኩት።

ከዚያ ደብተሮቹ መጡ። ሦስት ናቸው፤ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ። ሽፋናቸው በጋዜጣ ተለብጧል፤ ሊጥ የነካቸው ገጾች አሉ። ፊደሉ ትልልቅ ነው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ቆሟል። ልጃቸው የዚህን ምክንያት ስትነግረን ነው እኔ ራሴ የደነገጥኩት። እማማ ማንበብና መጻፍ የተማሩት ሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። የተማሩትም እዚሁ ነው፤ ዛሬ ላቦራቶሪ ባደረግነው ክፍል። ያስተማራቸው የሰፈር ተማሪ ነበር። የምስክር ወረቀታቸው አራብሳ ግድግዳ ላይ፣ ከማርያም ሥዕል ሥር ተሰቅሏል።

ደብተሩ ላይ ያለው ይህን ይመስላል፦ «ሰታቴ 1፣ ጭልፋ 2፣ ብርጪቆ 60 ወጣ። ብርጪቆ 58 ገባ። 2 ጎደለ። ተከፍሏል።» ገጽ ሲገለጥ ያው ነው። ልጆቹ ሰለቻቸው። አንዱማ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ሕይወት አይደለም፣ ስቶር ነው» አለኝ። ሳቅን።

መጀመሪያ የገባን ነገር «ቀይ» የሚለው ነው። አንዳንድ ገጽ ላይ «ቀይ ድስት 2» ይላል። ግማሹ ልጅ «የቀይ ወጥ ድስት ነው» አለ፤ ግማሹ «ቀለሙ ነው» አለ። ክርክሩ ሳምንት ፈጀ። የክበባችን አባል የሆነች ሙስሊም ልጅ ቤቷ ሄዳ አያቷን ጠየቀች። አያቷ ሳቁባት። ቀይ ማለት እጀታው ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ድስት ነው፤ ለሙስሊም ለቅሶ ቤት ብቻ የሚወጣ። እንዳይቀላቀል እማማ ለብቻው መደርደሪያ ሠርተውለት ነበር። አያትየው «እኛ ጠይቀናት አይደለም። አንድ ቀን ቀብታ አገኘናት» ብለዋል።

ሁለተኛው ነገር የወጣው ሒሳብ በሚወድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ነው። ጎደለ የተባለውን ሁሉ ደመረ። በሦስቱ ደብተሮች 137 ብርጭቆ፣ 22 ሳህንና 1 ጭልፋ ሆነ። ሁሉም አጠገባቸው «ተከፍሏል» የሚል አለ። ልጁ ቅጣቱ ስንት ስንት እንደነበር ለማወቅ ገንዘብ ያዡ ጋ ሄደ። እኔም አብሬው ነበርኩ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው የገቢ መዝገቡን ገለጡ፣ ገለጡ።

«የእቃ ክፍያ የሚባል ገቢ የለንም» አሉ። «ኧረ የእኛ እቃ ጎድሎም አያውቅ!»

ልጁ ደብተሩን አሳያቸው። አነበቡት። ሌላ ገጽ ገለጡ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«አይ እሷ!» አሉ። ሌላ አልተናገሩም። ሻይ አዘዙልን።

ልጃቸውን ስንጠይቃት እሷም አታውቅም። ከመርካቶ ብርጭቆ ገዝተው ሲመጡ ታያለች፤ የእድሩ ይመስላት ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ «ለምን ሰዎቹን አትጠይቂያቸውም?» ብላቸው «ለቅሶ ቤት ገብቶ ብርጭቆ ጎደለ ይባላል እንዴ?» ብለው ተቆጥተዋታል።

የቤተ ክርስቲያኑን ነገር ያጠናነው ጥር ላይ፣ ከጥምቀት በኋላ በነበረው ቅዳሜ ነው። በራስ መኮንን ድልድይ አድርገን በእግራችን ወደ አራዳ ጊዮርጊስ ወጣን። ልጆቹ ታሪኩን በደንብ ተዘጋጅተውበት ነበር፦ ከዓድዋ ድል በኋላ መሠራቱን፣ ስምንት ማዕዘን መሆኑን፣ ፋሺስት እንዳቃጠለው፣ ንግሥት ዘውዲቱም በ1909፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የደፉበት መሆኑን። እማማን ለሚያውቁት ዲያቆን ይህን ሁሉ ዘረገፉላቸው። ዲያቆኑ በትዕግሥት ሰሙና ወደ ደረጃው ወሰዱን። «የእሳቸው ቦታ ይቺ ናት» አሉ።

በ23 ምእመናኑ በሚያበራው ጧፍ ሰም እየቀለጠ ድንጋዩ ላይ ይረጋል። በማግስቱ ፀሐይ ሲሞቀው ያንሸራትታል። አንዲት አሮጊት ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ እማማ ከኪዳን በኋላ ጫማቸውን አውልቀው፣ ተንበርክከው፣ በቢላ ይፍቁት ጀመር። ቢላዋን ዲያቆኑ አስቀምጠዋታል። ስለቷ ከመሳሳቷ የተነሣ መሀሏ ጎብጦ የጨረቃ ቁራጭ መስላለች። እጀታዋ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ልጆቹ እየተቀባበሉ አዩዋት። ከዚያ አንዷ ነጠላዋን አደግድጋ ተንበረከከች። ሌሎቹም ተከተሉ። ማንም ሁለተኛ ቢላ ስላላመጣ በመታወቂያ ካርድ፣ በማስመሪያ፣ በሳንቲም ነው የፋቁት። ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ጉልበቴ ለሦስት ቀን አሞኛል። እማማ ይህን ሲያደርጉ ሰባዎቹን አልፈው ነበር።

የማስታወሻ ዝግጅቱ ግንቦት 23 ቀን ተደረገ፤ ቅዳሜም ጊዮርጊስም ገጥሞልን። የእድሩን ድንኳን ተውሰን ግቢ ውስጥ ተከልን። ከአራብሳም ከሌላም ቦታ የቀድሞ ጎረቤቶች መጡ። መሣም አላቋርጥ ብለው መርሐ ግብሩ በአንድ ሰዓት ዘገየ። ማይኩ ገና በመክፈቻው እምቢ አለ። ከዚያ ዝናቡ መጣ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ለወር የተለማመደችውን ግጥም ድንኳኑ ላይ የሚወርደው ውኃ ዋጠው፤ ከፊት የተቀመጡት ብቻ ሰምተዋል፣ ጥሩ ነበር ይላሉ። በኋላ ሒሳብ ወዳዱ ልጅ ተነሥቶ በጩኸት ከደብተሩ አነበበ፦ ቀኑን፣ የወጣውን፣ የገባውን። «2 ጎደለ፤ ተከፍሏል። 5 ጎደለ፤ ተከፍሏል።» የለቅሶ ቤቶቹን ስም እንዳያነብ ነግሬው ነበር። ሰዉ ግን ቀኑን ሲሰማ የማን ለቅሶ እንደሆነ እያወቀ፣ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ነጠላውን ፊቱ ላይ ሳበ።

አሁን ወደ ገቢና ወጪ። ክበቡ ከአባላት መዋጮ 1,840 ብር ሰብስቧል። ለዳቦ፣ ለሻይና ለፎቶ ህትመት 1,615 ብር ወጥቷል። ከተዋስነው 60 ብርጭቆ የመለስነው 57 ነው። ሦስቱን ከዕቃ መደብር ገዝተን ተካን። ሻጩ ለሦስት ብርጭቆ ደረሰኝ አልቆርጥም አለን፤ ሒሳብ ክፍል ደግሞ ያለ ደረሰኝ አልቀበልም አለ። ልክ ናቸው፣ ደንብ ነው። ስለዚህ ከኪሴ ሆነ። እድሩ ደብተር ላይ የሚገባውን የጻፈው ጸሐፊያችን ነው። «ብርጪቆ» ብሎ ነው የጻፈው፤ እንዲያርመው አልነገርኩትም።

የቀረ ሥራ አለን። ከጎረቤቶች የቀዳነው ድምፅ ገና በጽሑፍ አልተገለበጠም፤ ከነሱም አንዱ ግማሹ የአውቶቡስ ጥሩምባ ነው። መስከረም ላይ ምዝገባ ሲከፈት በአማርኛ ፈጥኖ የሚተይብ ልጅ ቢመጣልን ደስ ይለናል። ስብሰባ ዘወትር ረቡዕ ከትምህርት በኋላ፣ ላቦራቶሪው ውስጥ።