ድብርት ሲረዝም ስፔሻሊስት ማማከር

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

እኅቴ የድብርት ሕክምና ከጀመረች ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። በሰፈራችን ጤና ጣቢያ የታዘዘላትን ፍሉኦክሰቲን የተባለ የድብርት መድኃኒት፣ መጠኑ አንድም ጊዜ ሳይከለስ፣ እስከ ዛሬ ትወስዳለች፤ ሆኖም ጎረቤት ለቡና ሲጠራት በሩን ገርበብ አድርጋ «አሞኛል» ብላ ትመለሳለች፣ ትወደው የነበረውን የከዚራ ሰፈርን የዛፍ ጥላም ከረገጠች ቆይታለች።

ወደ አእምሮ ሐኪም እንሂድ ስላት «እንደ እብድ ልታስቆጥሪኝ ነው?» አለችኝ፤ አንጀቴን በላችው። የድብርት መድኃኒት ለውጥ ለማሳየት ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት የሚፈልግ ቢሆንም፣ ከዚያ በኋላ ሕመሙ ካልቀለለ መጠኑ ወይም መድኃኒቱ ሊቀየር፣ በተገቢው መጠንና ጊዜ የተወሰዱ 2 የተለያዩ መድኃኒቶች ካልረዱ ደግሞ ታካሚው በስፔሻሊስት ሊታይና እንደ እንቅርት ዕጢ መዛባት ያሉ ሌሎች መንስኤዎች ሊመረመሩ ይገባል። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ጉዳት አለው፤ የመሞት ሐሳብ ከመጣም ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

የጤና ጣቢያ ባለሙያዎቻችን ድካማቸው ይገባኛል። ነገር ግን ካርዱን ገልጠው «ከመጣሽ ስንት ጊዜሽ ነው? ተሽሎሻል?» ብለው ይጠይቁ፤ የሪፈር ወረቀቱንም ታካሚው እስኪለምን ድረስ አያቆዩት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት እኅት፣ ከድሬዳዋ