መኪናዋን ስትሸጡልን ማህደሯንም ስጡን

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የጨረታ ገጻችሁን ከዜናው አስቀድመን የምናነብ ሰዎች ደሴ ውስጥ ጥቂት አይደለንም። «ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን በግልጽ ጨረታ አወዳድሮ መሸጥ ይፈልጋል» የሚል ማስታወቂያ የወጣ ቀን ጋዜጣው እኛ ጋራዥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይውላል፤ ማታ ላይ በዘይት ተለቅልቆ ፊደሉ አይለይም። በዚህ ሥራ ከ20 ዓመት በላይ ስለቆየሁ መጫረት ያሰበ ዘመድና ጎረቤት «እስቲ መጥተህ እይልኝ» ይለኛል። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ከነዚህ ጥሪዎች አንዱ እስካሁን ስለሚያንገበግበኝ ነው።

የእህቴ ባል የሐይቅ ሰው ነው። ከሐይቁ ዳር አሳ እየተረከበ ደሴና ኮምቦልቻ ላሉ ምግብ ቤቶች ያደርሳል። ለብዙ ዓመት የሚጭነው በሰው መኪና ነበር፤ አሳ ደግሞ መኪና እስኪገኝ አይጠብቅም። ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር እቁብ ገብተው፣ የጎደላቸውን ከዘመድ ተበድረው፣ አንድ መሥሪያ ቤት ለጨረታ ያወጣትን የፖሊስ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ለመጫረት ወሰኑ። «ከደላላ ከምንገዛ ከመንግሥት ብንገዛ ይሻላል፣ መንግሥት አይዋሸንም» ነበር ያሉኝ።

ለምን ያገለገለች የፖሊስ መኪና ላይ ሙጥኝ አሉ የሚል አንባቢ ይኖራል። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን ከብዙ ሰው አቅም በላይ አደረገው። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ሲወሰን መለዋወጫው ሳይቀር በአንድ ጊዜ ተሰቀለ። የኤሌክትሪክ መኪና ለአዲስ አበባ አስፋልት ይሁን፤ በክረምት ሐይቅ ዳር ጭቃ ውስጥ ገብቶ የሚወጣ፣ ማንኛውም የወረዳ ከተማ መካኒክ የሚፈታው መኪና ግን ያው የምናውቀው ናፍጣ ፒክአፕ ነው። እሱም በገፍ ያለው በመንግሥት ግቢ ውስጥ ነው።

ንብረቱ በሚታይበት ቀን አብሬያቸው ሄድኩ። መኪናዋ ከግቢው ጥግ ሣር በቅሎባት ቆማለች። ጎማዎቿ ተንፍሰው ቸርኬው መሬት ሊነካ ነው። ባትሪ የላትም፤ ሞተር የሚያስነሣው ሞተሪኖዋም ከቦታው የለም። የፖሊስ መኪና ሆና ሳለ ግቢ ውስጥ ማን እንደፈታት የሚነግረን አላገኘንም። «ባትሪና ሞተሪኖ ይዘን እንምጣና ሞተሯን እንስማ» ብንል ንብረት ክፍሉ «የምትሸጠው ባለችበት ሁኔታ ነው» አለን። ማስታወቂያውም እንደዚያ ስለሚል ክርክር አልገጠምንም። ቆጣሪዋ የድሮው ዓይነት ስለሆነ ያለ ባትሪም ይነበባል፤ ዘጠና ሺሕ ኪሎ ሜትር ገደማ ትላለች። ሰዎቼ ፊታቸው በራ።

እኔ ግን የፍሪሲዮን ፔዳሉን አየሁ። ላስቲኩ አልቆ ብረቱ ያብረቀርቃል። የሹፌሩ ወንበር በአንድ ጎኑ ሰምጧል፤ መሪው ከመዳበስ ብዛት ልሟል። ዘጠና ሺሕ ኪሎ ሜትር ይህን አያደርግም።

የፖሊስ መኪና ቆጣሪ እንደ ሌላ መኪና እንደማይነበብ ብዙ ተጫራች አያውቅም፤ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው። የነጋዴ መኪና ሞተሩ የሚነሣው ሊሄድ ነው። የፖሊስ መኪና ኬላ ላይ፣ ገበያ ዳር፣ የበዓል ሜዳ ላይ ሞተሯ ሳይጠፋ ቆማ ታድራለች፤ ሬዲዮው ባትሪ እንዳይጨርስ፣ ጥሪ ሲመጣ ወዲያው እንድትነሣ፣ በደሴ ብርድ ደግሞ ውስጧ ያሉት እንዲሞቃቸው። ቆጣሪው ይህን ሁሉ ሰዓት አይመዘግብም። ናፍጣ ሞተር ሳይጫንበት በቀስታ ሲዞር በሚፈለገው መጠን አይሞቅም። ናፍጣው በደንብ ሳይቃጠል ይቀርና ናፍጣ የሚረጨው ኖዝልና ቫልቩ ጥላሸት ይይዛሉ፤ የተረፈው በፒስተኑ ፋሻ በኩል ወርዶ የሞተር ዘይቱን ያቀጥነዋል። ከኋላ በየቀኑ ስምንትና አሥር ሰው ስለሚቀመጥባት ጭነቱን የሚሸከመው ባሊስትራዋ ይደክማል። ለሳይረንና ለመብራት የተበሳው ጣሪያዋ በክረምት ውኃ ያስገባል፤ ሬዲዮ ለመትከል እየተቆረጠ የተቀጠለው ገመድ አንድ ቀን ጭስ ይሆናል። አንድ መኪና ላይ ደግሞ አምስትና ስድስት ሹፌር ይፈራረቃል።

ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ የነዳ የአጎቴ ልጅ አለ። የገዛት ከፖሊስ ጨረታ የወጣች ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ ነበረች፤ ባለ 8 ሲሊንደር፣ 4.6 ሊትር። ፎርድ እነሱን ማምረት በ2011 እ.ኤ.አ. እስኪያቆም ድረስ ፖሊስ ሲጥላቸው ታክሲ ነጂው ያነሣቸው ነበር፤ ከነጂዎቹም ብዙዎቹ የእኛው ልጆች ናቸው። ፎርድ ለፖሊስ በሠራቸው መኪናዎች መመሪያ ላይ ሞተሩ አንድ ሰዓት ቆሞ ሲሠራ 33 ማይል፣ በእኛ 53 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተነዳ ይቆጠር ይላል። በኋላ የመጡት የፖሊስ መኪናዎቹማ ሰዓቱን የሚቆጥር መሣሪያ አላቸው፤ ገዢው ቁጥሩን አይቶ ዋጋውን ይወስናል። የእኛ ፒክአፖች ይህ መሣሪያ የላቸውም። እኛ ግን ሌላ ነገር አለን፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሰዎቼን «ይቅርባችሁ» አልኳቸው። ለማስያዣ ከባንክ ሲፒኦ አሠርተው፣ ሰነድ ገዝተው፣ ተስፋ አድርገው ስለነበር አልሰሙኝም። የታሸገውን ኤንቨሎፕ አስገቡ፤ አሸነፉም። ደስታቸው አንድ ሳምንት አልሞላም። ማስታወቂያው ሥር «ከስም ማዛወር ጋር የተያያዙ ወጪዎችን ገዢው ይሸፍናል» የምትል አንዲት መስመር ነበረች። መኪናዋ ከቀረጥ ነፃ የገባች ሆና ተገኘች። ቀረጡ ተሰልቶ እስኪከፈል፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክሱ እስኪጠናቀቅ፣ ሊብሬ እስኪወጣ፣ ሰሌዳ እስኪቀየር አራት ወር ሄደ፤ እቁቡ ግን በየሳምንቱ ይጣላል።

በመጨረሻ አሳ ጭና ኮምቦልቻ ደረሰች። ስትመለስ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣው የሐረጎ ዳገት ላይ ቆመች። ያንን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከ1,850 ሜትር አካባቢ ተነሥቶ ወደ 2,500 ሜትር ይወጣል፤ የታመመ ሞተር እዚያ አይደበቅም። ተጎትታ እኔው ጋራዥ ገባች። የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታዋን፣ ሳወርደው በመካከል ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፤ ቴስታታው ራሱ ከዚህ በፊት ወርዶ ላዩ ተስተካክሏል። የናፍጣ ፖምፓዋም ተፈትታ ታውቃለች።

አዘጋጅ ሆይ፣ እስከዚህ ድረስ ያለው የአሮጌ መኪና ወግ ነው፤ በየጋራዡ አለ። እንድጽፍ ያደረገኝ ከወራት በኋላ ሸዋ በር ሻይ ቤት ያገኘሁት ሰው ነው። ያቺን መኪና ሁለት ዓመት ነድቷታል። ስለ መኪናዋ ሳነሣበት አዘነ። «ወንድሜ፣ እሷማ ሞተሯ ሁለቴ ወርዷል። ራዲያተሯም ችግር ነበረበት። እኔው ነኝ እየፈረምኩ ያስጠገንኳት፤ ወረቀቱ ሁሉ ስምሪት ክፍል ተቀምጧል» አለኝ።

ወረቀቱ ተቀምጧል! ሦስት ሰዎች የልጆቻቸውን ጉሮሮ ዘግተው ያጠራቀሙትን ብር ሲከፍሉ ያ ማህደር ከመኪናዋ ሃምሳ እርምጃ በማይርቅ ሳጥን ውስጥ ነበር። ማንም አልዋሻቸውም። ግን እያወቀ የነገራቸውም የለም።

የመንግሥት መኪና ከግል መኪና የሚበልጠው በዚህ ማህደር ነው። የዘይት ቅያሬው፣ የጥገና ትዕዛዙ፣ የተገዛው ዕቃ፣ የደረሰው አደጋ ይመዘገባል። የነዳጁ መዝገብም አለ። ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ይህንን ነው። ሰዓት ቆጣሪ ባይኖርም በዓመት የሄደችውን ኪሎ ሜትር በቀዳችው ሊትር አካፍሎ ቆማ ስትሠራ ያደረችውን መገመት ለመካኒክ ከባድ አይደለም። በሊትር ዘጠኝና አሥር ኪሎ ሜትር መሄድ ያለባት መኪና መዝገቡ ላይ አራት ብቻ ከሄደች፣ የተረፈው ናፍጣ አንድም ኬላ ላይ ነዷል አንድም ሌላ ቦታ ሄዷል። ሁለቱንም ሕዝብ ቢያውቀው መልካም ነው።

ማህደሩ ተዘግቷል ስንል ለሁሉም የተዘጋ እንዳይመስላችሁ። ጨረታ ላይ የሚውሉት ደላሎች ሹፌሩንም፣ መካኒኩንም፣ መዝገብ ያዡንም ያውቃሉ። የትኛዋ ጤነኛ እንደሆነች፣ የትኛዋ ሞተሯ እንዳለቀ አጣርተው ነው የሚመጡት። ጤነኛዋን እርስ በርስ ተስማምተው በርካሽ ይወስዳሉ፤ የታመመችዋ ለሐይቁ አሳ ነጋዴ ትተርፋለች። ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው የፌዴራሉ የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 ግልጽነትን ከመርሆቹ አንዱ አድርጎ አስቀምጧል። ኤንቨሎፑ በሕዝብ ፊት መከፈቱ ጥሩ ነው። ኤንቨሎፑ ውስጥ የሚጻፈውን ዋጋ የሚወስነው መረጃ ግን በዘመድ የሚገኝ ከሆነ ጨረታው የተጠናቀቀው ገና ሳይከፈት ነው። መሥሪያ ቤቱም አይጠቀም፤ የማያውቀውን መኪና የሚጫረት ሰው ፈርቶ ዝቅ አድርጎ ይጽፋል፤ ደህና መኪና ደህና ዋጋዋን አታገኝም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ከገንዘብም የሚከብድ። ያቺ ፒክአፕ ስትሸጥ በሯ ላይ የነበረው ጽሑፍ ተፍቋል። ነገር ግን ፊደሉ የተለጠፈበት ቦታ ፀሐይ ስላላገኘው ቀለሙ አልደበዘዘም፤ ከሩቅ «ፖሊስ» ተብሎ ይነበባል። የመብራቱ ማሰሪያም ጣሪያዋ ላይ እንዳለ ነው። የእህቴ ባል ከኪሱ ቀለም እስኪያስቀባት ድረስ በየኬላው ያልተጠየቀበት ቀን የለም። በየመንገዱ መሣሪያ በያዘ ሰው ፊት በሚታለፍበት በዚህ ወቅት አንድ ሰላማዊ ሰው ፖሊስ በምትመስል መኪና በሌሊት አሳ ጭኖ ሲሄድ ምን ሊደርስበት እንደሚችል ለወሎ አንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። እህቴ እሱ እስኪገባ ድረስ እንቅልፍ አልነበራትም። መኪናዋ ክፉ ሰው እጅ ገብታ ቢሆንስ? «ቁም» ብላ መንገደኛ ብታስቆም ማን ይጠራጠራታል? ቀለሟን መቀየር፣ ሳይረኑንና ማሰሪያውን መፍታት፣ የፖሊስ ሰሌዳውን መሰብሰብ ቁልፉ ከመሰጠቱ በፊት የሻጩ ሥራ መሆን አለበት። ወጪውን መነሻ ዋጋው ላይ ይደምሩት፤ ማንም አያጉረመርምም።

ባለሥልጣኖቹን የምለምነው ብዙ አይደለም። ማስታወቂያው ላይ ከሻንሲና ከሞተር ቁጥሩ ጎን ቀረጥ መከፈል አለመከፈሉ በግልጽ ይጻፍ። በመታያው ቀን የጥገናውና የነዳጁ ማህደር ቅጂ ከመኪናው ጋር ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ ሞተሩ የሚነሣ ከሆነ ይነሣ። ምስጢር የሆነ የፖሊስ ሥራ ካለበት ያንን ገጽ ያውጡት፤ የዘይት ቅያሬ ምስጢር አይደለም። መኪናው ከአገልግሎት ሲወጣም ሁለትና ሦስት ክረምት ሳይመታው ይሸጥ። እኛ የገዛናት ጊዜዋን ጠብቃ ብትሸጥ ኖሮ ቢያንስ ሞተሪኖዋ ከቦታው አይጠፋም ነበር።

ደሴ፣ ኮምቦልቻና ወልድያ ያሉ መሥሪያ ቤቶች ለዚህ ሥራ ሰው የለንም የሚሉ ከሆነ በእኔ በኩል መፍትሔ አለኝ። ከጋራዥ ጓደኞቼ ጋር ተነጋግረንበታል። የመታያ ቀን ሲወሰን ይንገሩን፤ የራሳችንን ባትሪና መፍቻ ይዘን በነፃ እንመጣለን። ማህደሩ ፊታችን ይቀመጥልን፤ የእያንዳንዷን መኪና ሁኔታ ማንበብ ለማይችል ተጫራች ጭምር በቃል እናስረዳለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋራዥ ባለሙያ
ቧንቧ ውሃ፣ ደሴ